የግሪሳን ወፍ ከሩቅ ለመመልከት ስለሚያገለግል መነጽር አመራረጥ

የገበሬው ድካም ዋጋ የሚያገኘው ዘሩ በመብቀሉ ብቻ አይደለም፤ አዝመራው ከጠላት ተጠብቆ ጎተራ ሲገባ ነው። ማሽላ በሚዘራበት በቆላው አገር ከአዝመራ ጠላቶች አንዱና ብርቱው ግሪሳ የሚባለው ወፍ ነው። የአንዱ ወፍ ክብደት 20 ግራም ያህል ሲሆን፥ በቀን 10 ግራም ያህል እህል ይበላል። አንድ ብቻውን ቢመጣ ማንም አይፈራውም፤ ነገር ግን መንጋው 1 ሚሊዮን የሆነ እንደ ሆነ በአንድ ቀን 100 ኩንታል እህል ይጠፋል ማለት ነው።

በአዳማ አጠገብ የሚገኘው የመልካሳ የእርሻ ምርምር ማዕከል፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1969 ከተቋቋመ ጀምሮ ለቆላው አገር የሚስማማ ዘር ሲመርጥና ሲያወጣ ኖሯል፤ በ2009 የወጣው «መልካም» የተባለው የማሽላ ዘር ከነዚሁ አንዱ ነው። ፈጥኖ የሚደርስ ማሽላ ከድርቅ ያመልጣል፤ ነገር ግን ከጎረቤቱ ማሳ ቀድሞ ወተት የያዘ እንደ ሆነ ወፉ አስቀድሞ በርሱ ላይ ያርፋል። የገበሬው ልጅ በማማ ላይ ሆኖ በወንጭፍና በጩኸት ቢከላከልም፥ መንጋው ሲበዛ ይደክማል። በዚያን ጊዜ የወረዳው ሹም የወፉን ማደሪያ አስፈልጎ ማስታወቅ ይገባዋል፤ መድኃኒቱ የሚረጨው ወፉ ወደ ማደሪያው ተሰብስቦ በሚገባበት በምሽት ጊዜ ነውና።

መድኃኒት ግን ወዳጅና ጠላት አይለይም። በዚያው ፊላ ወይም በዚያው ግራር ላይ ሌሎች ወፎች አድረው እንደ ሆነ አብረው ይሞታሉ፤ የሞተውን ወፍ የሚበላ ጭልፊትም ይመረዛል። ስለዚህ ከመረጨቱ በፊት መንጋው በእውነት ግሪሳ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የግሪሳው ወንድ ምንቃሩ ቀይ ነው፤ በመራቢያው ወራት ፊቱ አብዛኛውን ጊዜ ይጠቁራል። ሴቲቱ ግን ከሌሎች የወፍ ዓይነቶች ሴቶች ጋር ስለምትመሳሰል በባዶ ዓይን መለየት ያስቸግራል። ይህን ሳያስደነግጡ ከሩቅ ለመመልከት በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ የሚቆም ባለ አንድ ዓይን መነጽር ይጠቅማል።

በመነጽሩ ላይ «20–60×80» የሚል ጽሕፈት ቢገኝ፥ ፊተኞቹ ቁጥሮች ነገሩን ከ20 እስከ 60 እጅ እንደሚያቀርብ፥ የመጨረሻው ደግሞ የፊተኛው መስተዋት ስፋት 80 ሚሊሜትር መሆኑን ያመለክታሉ። በ500 ሜትር ላይ ያለ ወፍ በ30 እጅ ቢታይ፥ በባዶ ዓይን 17 ሜትር ያህል ቀርቦ እንደ ታየ ይሆናል፤ ምንቃሩንም ለመለየት ይህ ይበቃል።

ብዙ ገዢዎች የሚያቀርበውን ቁጥር ብቻ አይተው ይመርጣሉ፤ ይህ ግን ያሳስታል። የመስተዋቱ ስፋት በሚያቀርብበት ቁጥር ቢካፈል፥ ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን ክብ ስንት ሚሊሜትር እንደ ሆነ ይታወቃል። 80 ለ20 ሲካፈል 4 ነው፤ ለ60 ሲካፈል ግን ከ1 ጥቂት ይበልጣል። በምሽት የሰው የዓይን ብሌን ስለሚሰፋ፥ በ60 እጅ የሚታየው ነገር በ20 እጅ ከሚታየው 9 ጊዜ የጨለመ ይሆናል። ግሪሳም የሚፈለገው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ስለዚህ የሚያቀርበው ቁጥር ከሚበዛ መስተዋቱ ቢሰፋ ይሻላል፤ ባለ 80ው ባለ 60ው ከሚሰበስበው ብርሃን ሁለት እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረውን ይሰበስባል።

በስምጥ ሸለቆ እኩለ ቀን ላይ ምድር ስለሚግል አየሩ እንደ ውሃ ይርገበገባል። እጅግ ውድ የሆነው መነጽርም ቢሆን ይህን አያስቀርም፤ ብዙ ባቀረበ መጠን መርገብገቡን ያገንነዋል። ስለዚህ ማየት የሚገባው በማለዳና በምሽት ነው።

ከፍ ያለ ዋጋ የሚከፈለው ለመስተዋቱ ጥራት ነው። በተራው መነጽር የወፉ ዳር ዳር ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ ቀለም ያወጣል፤ ፍሎራይት በተባለው ማዕድን ወይም ኢዲ በተባለው ልዩ መስተዋት የተሠራው ግን ቀለሙን አጥርቶ ያሳያል። የኦስትሪያው ስዋሮቭስኪ፥ የጀርመኖቹ ዛይስና ላይካ፥ የጃፓኑ ኮዋ በዚህ የታወቁ ናቸው። የላቁት ዓይነቶች ከ3 ሺህ የአሜሪካ ዶላር በላይ ስለሚያወጡ፥ ለየቀበሌው መግዛት ሳይሆን አንድ ጥሩ መነጽር ለወረዳው አድርጎ፥ ለየቀበሌው ዘበኞች ዋጋው አነስተኛ የሆነ ባለ ሁለት ዓይን የእጅ መነጽር መስጠት የተሻለ ነው። ዘበኞቹ መንጋው የሄደበትን አቅጣጫ ያመለክታሉ፤ ባለሙያው በትልቁ መነጽር ያረጋግጣል።

ማቆሚያው ቀላልና ደካማ የሆነ እንደ ሆነ ነፋስ ያወዛውዘዋል፤ የመነጽሩም ዋጋ ከንቱ ይቀራል። ስለዚህ ለጠንካራ ማቆሚያ የሚሆን ገንዘብ አስቀድሞ ከሒሳቡ ይግባ። የዓይን መስተዋቱ ወደ ላይ ያዘነበለው ቁመታቸው ልዩ ልዩ የሆኑ ሰዎች በየተራ እንዲያዩበት ያመቻል፤ ቀጥ ያለው ደግሞ ከመኪና ውስጥ ቶሎ ለማነጣጠር ይረዳል። ውሃና አቧራ እንዳያስገባ ሆኖ የተደፈነውን መምረጥ፥ መስተዋቱንም በነጠላ ጫፍ ከመጥረግ ይልቅ አቧራውን አስቀድሞ በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ ይገባል።

ከመግዛት በፊት መነጽሩን በምሽት አውጥቶ በሩቅ ያለ የዛፍ ቅርንጫፍ መመልከት መልካም ፈተና ነው። ከውጭ አገር የሚመጣ ከሆነም ፈቃድ የሚያስፈልገው መሆኑን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ማደሪያውን በጊዜው ያገኘና የወፉንም ዓይነት ያረጋገጠ ሹም የገበሬውን ማሽላ ያድናል፤ ያለ ጥፋታቸው የሚሞቱትንም ወፎች ይጠብቃል።