በሩ አዲስ ቁልፍ፣ ሣጥኑ አሮጌ

የልጅ ልጄ በማግሥቱ ለምዝገባ የምታቀርበው የትምህርት ማስረጃ ቅጂ ያለው በእኔ ኢሜይል ውስጥ ነው። የኢሜይሌን የይለፍ ቃል ደግሞ እኔ አላስታውሰውም፤ የሚያስታውስልኝ ኮምፒውተሩ ነው። ያን ዕለት ማታ ኮምፒውተሩ አኮረፈ።

ጠዋት፣ በኡቡንቱ የሚሠራው ኮምፒውተራችን መግቢያ ቃል ጠፍቶብኝ ትልቁ ልጄ በራሱ አካውንት ገብቶ አዲስ ቃል አውጥቶልኝ ነበር። ማታ ክሮምን ስከፍት አንዲት ትንሽ መስኮት ብቅ አለች፦ የመግቢያ ቃልህ ከኪሪንግህ ቃል ጋር አይገጥምም። አዲሱን ብጽፍላት፣ ደግሜ ብጽፍላት፣ ወይ ፍንክች!

“አባባ፣ የቀየራችሁት የበሩን ቁልፍ ነው፤ ሣጥኑ አሮጌ ቁልፉን እንደያዘ ነው” አለችኝ ልጅቷ።

ኪሪንግ የሚሉት ይህን ሣጥን ነው። የተቀመጡት የይለፍ ቃሎች የሚቆለፉበት ሲሆን፣ ቃሉ ከመግቢያው ጋር አንድ ሲሆን ስንገባ አብሮ ይከፈታል። አሮጌውን ቃል እያወቅን ራሳችን ብንቀይር ኖሮ ሣጥኑም አብሮ ይቀየር ነበር። ሌላ ሰው ሲቀይርልን ግን አሮጌውን ስለማያውቅ ሣጥኑ ባለበት ይቀራል። ሳስበው ልክ ነው፤ አለዚያ የበሩን ቁልፍ የቀየረ ሁሉ ሣጥኔን ይከፍት ነበር።

ልጄ “አጥፍተነው አዲስ ይፈጠራል” አለ። እውነቱን ነው፤ ግን ውስጡ ያለው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ወጣቶች ማጥፋት ይቀናቸዋል። እምቢ አልኩ።

ያዳነችኝ ባለቤቴ ናት። “ያን ጊዜ የድሮውን የቤት ስልክ ቁጥራችንን አደረግሁት አላልከኝም?” አለችኝ። ባለ ስድስት አኃዙን! (አሁን ስለቀየርኩት ብናገር አያሳስብም፤ ለቁልፍነት ግን የማይረባ ነበር።)

“ፓስወርድስ ኤንድ ኪስ” የሚለውን ፕሮግራም ከፈትን። “ሎግኢን” በሚለው ላይ የማውሱን ቀኝ ተጭነን “ቼንጅ ፓስወርድ” አልን፤ አሮጌውን፣ ከዚያ አዲሱን የመግቢያ ቃል ሁለቴ ጻፍኩ። ልጄ ባዶ ተወው ቢለኝም አልሰማሁትም፤ ባዶ ከሆነ ሣጥኑ ሳይቆለፍ መቅረቱ ነው።

አጥፍቼ አበራሁት። መስኮቷ አልመጣችም። ማስረጃው ሲታተም ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ሆኗል፤ ልጅቷ ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ተኛች።