“ኖርማል ነው” የማይባልባቸው ቁጥሮች

ከቆቦ ለልብ ቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ የሚሄድ ታካሚ በእጁ የሚይዘው የሪፈር ወረቀት ነው። ከቆቦ ወልድያ፣ ከወልድያ ደሴ፣ ከደሴ አዲስ አበባ፤ ጠቅላላው 570 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በየደረሰበት ደም ይሰጣል፣ በየደረሰበት የላብራቶሪ ውጤት ይቀበላል። ወረቀቱ ላይ በአንድ ወገን የእሱ ቁጥር፣ በሌላው ወገን የጤነኛ ሰው መጠን ሰፍሯል። ሁለቱ ከተስማሙ “ኖርማል ነው” ይባልና ይታለፋል። ልብ ከተከፈተ በኋላ ግን ይህ አነባበብ ያሳስታል፤ አንዳንዴ በከንቱ ያስደነግጣል፣ አንዳንዴም አደጋውን ይሸፍናል።

ባዮማርከር የሚባሉት በደም ወይም በሽንት ውስጥ ተለክተው የአካልን ሁኔታ የሚጠቁሙ ንጥረ ነገሮች ናቸው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚፈለጉበት ምክንያት ቀላል ነው፤ ሕመምተኛው ሳያቃስት፣ እግሩ ሳያብጥ፣ ትንፋሹ ሳያጥረው ችግሩ መምጣቱን ለማወቅ ነው።

በዚህ ረገድ ስሙ በብዛት የሚነሣው ትሮፖኒን ነው። ትሮፖኒን የልብ ጡንቻ ሲኮማተር የሚያገለግል ፕሮቲን ሲሆን፣ የጡንቻው ሕዋሳት ሲጎዱ ወደ ደም ይፈስሳል። ድንገተኛ የልብ ሕመም ይዞት ድንገተኛ ክፍል ለገባ ሰው ጥቂት ከፍ ማለቱ እንኳ ያሳስባል። በባይፓስ ቀዶ ሕክምና ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሐኪሙ ከእግር የወሰደውን ደም መልስ ቧንቧ የልብ ደም ቅዳ ከተዘጋበት በታች ቀጥሎ ለደሙ አዲስ መንገድ ያበጃል። ለዚህም አብዛኛውን ጊዜ ልቡ እንዲቆም ይደረግና ሥራውን ማሽን ይረከባል፤ ልቡ ይነካል፣ በመርፌ ይወጋል። ስለዚህ ቀዶ ሕክምናው የተሳካለትም ሰው ትሮፖኒኑ መጨመሩ አይቀርም። (የእግር ቧንቧ የሚጠቀመውን ባይፓስ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በአሜሪካው ክሊቭላንድ ክሊኒክ ያስለመደው ሬኔ ፋቫሎሮ፣ ከዚያ በፊት 12 ዓመት በአርጀንቲና የገጠር ሐኪም ነበር፤ ሪፈር ከሚጽፉት ወገን ማለት ነው።)

ታዲያ ስንት ሲሆን ነው የሚያሰጋው? እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ፣ በ12 አገሮች 13,862 የልብ ቀዶ ሕክምና ታካሚዎችን የተከታተለ ጥናት መልሱን ፈልጓል። የመለኪያው የጤነኛ ሰው ጣሪያ በሊትር 26 ናኖግራም ነበር። ባይፓስ ወይም የአኦርታ ቫልቭ ቅየራ ከተደረገላቸው መካከል በ30 ቀን ውስጥ የመሞት አደጋ ጎልቶ የታየው ግን በመጀመሪያው ቀን ትሮፖኒናቸው 5,670 ባለፈው ላይ ነው፤ ከጣሪያው 218 እጥፍ መሆኑ ነው። ከዚያ በፊት በባለሙያዎች ስምምነት ይሠራባቸው የነበሩት 10፣ 35 ወይም 70 እጥፍ የሚሉ ወሰኖች ከዚህ በጣም ያነሱ ናቸው።

ኩላሊት ላይ ችግሩ ይገለበጣል። ክሬአቲኒን ከጡንቻ የሚመነጭና ኩላሊት የሚያስወግደው ቆሻሻ ነው። ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ለመከማቸት ግን አንድ ሁለት ቀን ይፈልጋል። በዚያ ላይ የጡንቻ ነገር አለ። በልብ ሕመም ለዓመታት የከሳ ሰው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ክሬአቲኒኑ 0.5 ነበር እንበል። በሁለተኛው ቀን 1.0 ሆኖ ቢገኝ የብዙ ላብራቶሪ ወረቀት “ኖርማል” ይላል። ቁጥሩ ግን እጥፍ ሆኗል፤ በዓለም አቀፉ መስፈርት በ48 ሰዓት ውስጥ የ0.3 ጭማሪ ብቻ እንኳ ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት ይባላል። ይህን የሚያየው የበፊቱን ወረቀት በእጁ የያዘ ሐኪም ብቻ ነው። ቆቦ ወይም ወልድያ የተሠራች፣ ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥራት አሮጌ ውጤት ዋጋዋ እዚህ ላይ ነው።

ከክሬአቲኒን የሚቀድም መለኪያ ተፈልጎ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣ ጥናት 71 ሕፃናት በልብና ሳንባ ማሽን ታግዘው ቀዶ ሕክምና ሲደረግላቸው ሽንታቸው ተመረመረ። ኩላሊታቸው የተጎዳባቸው ሕፃናት ሽንት ውስጥ ኤንጋል የተባለው ፕሮቲን በ2 ሰዓት ውስጥ አሻቀበ፤ ክሬአቲኒን ያንኑ ጉዳት ያሳየው ከ1 እስከ 3 ቀን ቆይቶ ነው። ግሩም ግኝት ነው፤ ይሁንና አቅም ባነሰበት ቦታ ከእሱ በፊት የሚቀድም ርካሽ ነገር አለ። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርሷ በየሰዓቱ ጎንበስ ብላ የሽንት ከረጢቱን ታነባለች። ሰውየው 60 ኪሎ ከሆነ በሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር በታች መሽናቱ ለሰዓታት ከቀጠለ ሐኪም ይጠራል።

ኢትዮጵያ ውስጥ በልብ ቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ በብዛት የሚተኙት በስብ ቧንቧቸው የተዘጋ ባለጸጎች ሳይሆኑ፣ የልብ ችግር ይዘው የተወለዱ ሕፃናትና በልጅነት ቶንሲል ሰበብ ቫልቫቸው የተበላሸ ወጣቶች ናቸው። ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት ማኅበር በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያቆመው የልብ ማዕከል በ2001 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የታሰበው ለእነዚሁ ነበር፤ ወረፋው ዛሬም ረጅም ነው።

ሰው ሠራሽ የብረት ቫልቭ ገብቶለት ወደ ራያ ቆላ፣ ወደ ማሽላውና ጤፉ የተመለሰ ወጣት ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ሦስተኛ ቁጥር አለ። አይኤንአር ይባላል፤ ደም ለመርጋት የሚወስድበትን ጊዜ ይለካል። ለጤነኛ ሰው 1 አካባቢ ነው። በግራ የልብ ክፍሎች መካከል የብረት ቫልቭ ላለው ግን ከ2.5 እስከ 3.5 መሆን አለበት፤ “ኖርማል” ከሆነ ቫልቩ ላይ ደም ሊረጋ፣ ከዚያም ተነቅሎ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። ከመጠን ካለፈ ደግሞ ደም መፍሰስ ያሰጋል። ቁጥሩን የሚያስተካክለው ዋርፋሪን በየዕለቱ ይዋጣል፤ መጠኑ የሚወሰነውም በአይኤንአር ውጤት ነው።

ዋርፋሪን በምግብም በመድኃኒትም ይነካል። በጾም ወራት ጎመን ሲበዛ በውስጡ ያለው ቫይታሚን ኬ ቁጥሩን ያወርደዋል። ጎመን ክልክል አይደለም፤ የሚፈለገው መጠኑ ዓመቱን ሙሉ እንዳይዋዥቅ ነው። ለአሜባ ተብሎ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው ሜትሮኒዳዞል በአንጻሩ በጥቂት ቀናት ውስጥ አይኤንአሩን አሻቅቦ ድድንና አፍንጫን ሊያደማ፣ ከባሰም ሆድ ውስጥ ደም ሊያፈስ ይችላል። ለወገብ ሕመም የሚወሰደው ዲክሎፌናክም ጨጓራን እያደማ ኩላሊትንም ይጎዳል። ስለዚህ የቆቦው ወጣት ሆዱን ቁርጠት ይዞት መድኃኒት ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚናገረው ዋርፋሪን እንደሚወስድ ነው፤ ሜትሮኒዳዞል የግድ ከሆነ ደግሞ አይኤንአሩ ከቀጠሮው በፊት፣ በቀናት ውስጥ ይለካል።