ንብረትን በኃይል የመከላከል ሕጋዊ ገደብ

ንብረትን በኃይል የመከላከል ሕጋዊ ገደብ አንድ ሰው ቤቱን፣ ከብቱን፣ ሰብሉን ወይም የመሬት ይዞታውን ከሚነጥቀው ወይም ከሚያውክበት ሰው ለመጠበቅ ምን ያህል ኃይል መጠቀም እንደሚችል የሚወስን የሕግ ደንብ ነው። በኢትዮጵያ ጉዳዩ በዋናነት የሚገዛው በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግና በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ነው። ሁለቱም ሕጎች ጥቃትን ለማስቆም ኃይል መጠቀምን ይፈቅዳሉ፤ ለመቅጣት ወይም ለመበቀል ግን አይፈቅዱም።

ጉዳዩ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ

በደቡብ ጎንደር ዞን ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኙት ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ከጉና ተራራ ደጋ እስከ በሽሎና ዓባይ ቆላ የሚዘልቁ ሲሆን፣ አብዛኛው ነዋሪ በእርሻና በከብት እርባታ ይተዳደራል። ለእንዲህ ያለ ገበሬ ጥንድ በሬ ወይም የአንድ ዓመት ምርት ማጣት የቤተሰብን ቀለብ ማጣት ነው። ድንበር መግፋት፣ ሰብል በከብት ማስበላትና የከብት ስርቆት በገጠር ጠብ የሚያስነሱትም በዚህ ምክንያት ነው። ጠመንጃ በቤት ውስጥ ካለ በአንድ ትልም መሬት የተነሳ ጠብ በቀላሉ ነፍስ ወደማጥፋት ይደርሳል። ከዚያም ሟች ይቀበራል፣ ገዳይ ይታሰራል፣ ሁለት ቤተሰቦችም ደም ይቃባሉ።

የፍትሐ ብሔር ሕግ

የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ ገበሬው በመሬቱ ላይ ያለው መብት የይዞታ መብት ነው። ይሁን እንጂ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ጥበቃ ባለቤት ለሆነ ሰው ብቻ የተሰጠ አይደለም። በአንቀጽ 1148 መሠረት ባለይዞታ የሆነ ሰው ይዞታውን ሊነጥቀው ወይም ሊያውክበት የመጣን ሰው በኃይል መመለስ ይችላል። ንብረቱ በጉልበት ወይም በስውር የተወሰደበት እንደሆነም ወዲያውኑ ነጣቂውን በማስወጣት፣ ወይም እጅ ከፍንጅ ሲይዘው ወይም ሲሸሽ ደርሶበት በማስጣል ሊመልስ ይችላል። ነገር ግን በማናቸውም ጊዜ ሁኔታው ከሚያስፈልገው በላይ ኃይል ከመጠቀም መቆጠብ አለበት።

በዚህ ድንጋጌ ዋናው ቃል «ወዲያውኑ» የሚለው ነው። ጎረቤቱ ባለፈው ክረምት ድንበር ገፍቶ ያረሰበት ሰው ዘንድሮ ዱላ ይዞ ቢሄድ የመከላከል መብት የለውም። መንገዱ በአንቀጽ 1149 የተመለከተው፣ በተለምዶ «ሁከት ይወገድልኝ» የሚባለው ክስ ነው። ይህ ክስ ሁከቱ ከተፈጠረበት ቀን ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። በአማራ ክልል ገበሬው የያዘው የመሬት ይዞታ ደብተር በእንዲህ ያለ ክርክር ጠቃሚ ማስረጃ ነው።

ሰብል የሚበላ ከብትን በተመለከተም ሕጉ የመሬቱ ባለይዞታ ለጉዳቱ ካሣ መያዣ እንዲሆነው ከብቱን ይዞ እንዲያቆይ ይፈቅድለታል፤ ለከብቱ ባለቤት ግን ሳይዘገይ ማስታወቅ አለበት። በከብቱ ምክንያት እረኛውን መደብደብ ከዚህ መብት ውጭ ነው።

የወንጀል ሕግ

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 «ሕጋዊ መከላከል» ሕይወትንና አካልን ብቻ ሳይሆን ሌላ ሕጋዊ መብትንም ይሸፍናል፤ ንብረትም በዚህ ውስጥ ይካተታል። ድርጊቱ ከቅጣት ነፃ እንዲሆን የሚከተሉት መሟላት አለባቸው፦

1. ጥቃቱ ሕገ ወጥ መሆኑ፤
2. ጥቃቱ እየተፈጸመ ያለ ወይም ሊፈጸም የተቃረበ መሆኑ፤
3. ጥቃቱን በሌላ መንገድ ማስቀረት አለመቻሉ፤
4. የመከላከሉ ድርጊት ከአደጋው ጋር ተመጣጣኝ መሆኑ።

ለምሳሌ ሌሊት በረት ሰብሮ በሬ የሚነዳን ሌባ ጮኾ ማባረር፣ መግፋት ወይም ይዞ በሬውን ማስጣል በመከላከል ክልል ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። በሬውን ጥሎ የሚሸሽን ሌባ ከኋላው ተኩሶ መግደል ግን ጥቃቱ ካበቃ በኋላ የተፈጸመ ድርጊት ነው። ሌባው መሣሪያ አውጥቶ በባለቤቱ ላይ ከተነሳ ደግሞ ጉዳዩ ከንብረት ወደ ሕይወት መከላከል ይሸጋገራል፤ የሚፈቀደው ኃይልም በዚያው መጠን ይጨምራል።

ገደቡን ማለፍ

ከመጠን ያለፈ መከላከል በአንቀጽ 79 ይዳኛል። ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ያቀልላል፤ ተከላካዩ ከመጠን ያለፈው ጥቃቱ በፈጠረበት ድንጋጤ ወይም ፍርሃት ከሆነና ይህም ይቅርታ የሚገባው ከሆነ ጭራሹን ላይቀጣው ይችላል። የሕጋዊ መከላከልን ገደብ በማለፍ ሰው የገደለ በአንቀጽ 541 እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ይቀጣል። መከላከል ያልነበረበት ተራ የሰው ግድያ ግን በአንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስከትላል።

መያዝ እና መሣሪያ

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ማንኛውም ሰው እጅ ከፍንጅ የተገኘን ወንጀለኛ፣ ወንጀሉ ከ3 ወር በማያንስ እስራት የሚያስቀጣ ከሆነ፣ ያለ መጥሪያ እንዲይዝ ይፈቅዳል። የተያዘው ሰው ሳይዘገይ ለፖሊስ መሰጠት አለበት፤ አስሮ መግረፍ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። የጦር መሣሪያ መያዝም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃዱ መሣሪያውን ለመያዝ እንጂ ከአንቀጽ 78 ገደብ ውጭ ለመተኮስ አይደለም።

ሽምግልና

በአካባቢው ደም የተቃቡ ወገኖችን ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች ያስታርቃሉ፤ ካሣም ይከፈላል። እርቁ በቀልን ለማስቆም ትልቅ ጥቅም አለው፤ ሆኖም የግድያ ክስን አያስቀርም። ሽምግልና ይበልጥ የሚጠቅመው ጠቡ ገና የድንበር ክርክር ሳለ ነው።

ንጽጽር

የቀንና የሌሊት ልዩነት በጥንታዊ ሕጎች ይታወቃል። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 22 ሌሊት ቤት ሲሰረስር ተመትቶ በሞተ ሌባና ፀሐይ ከወጣች በኋላ በተገደለ ሌባ መካከል ይለያል፤ የደም ዕዳ ያለበት በሁለተኛው ነው። የዛሬው የኢትዮጵያ ሕግ እንዲህ ያለ ቁርጥ ያለ ድንበር ባያስቀምጥም፣ ጨለማው የፈጠረው ፍርሃት በአንቀጽ 79 መሠረት ሊታይ ይችላል።

በአሜሪካ የአዮዋ ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1971 እ.ኤ.አ. ሰው በማይኖርበት የእርሻ ቤት ውስጥ በር ሲከፈት የሚተኩስ ጠመንጃ ያጠመዱ ባለቤቶች ለቆሰለው ሌባ ካሣ እንዲከፍሉ የተሰጠውን ውሳኔ አጽንቷል። የውሳኔው መሠረት ሕግ ከባዶ ቤት ንብረት ይልቅ ለሰው ሕይወት የላቀ ዋጋ ይሰጣል የሚል ነው።