ከጦሳ ግርጌ ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ

ከኮምቦልቻ በባቲ ወደ ሚሌ የሚወርደውን መንገድ የሚመላለሱት የከባድ መኪና ሾፌሮች ጅቡቲን እንደ ጎረቤት ሰፈር ያውቋታል። ለአብዛኞቻችን ግን ጅቡቲ ወደብ እንጂ ባሕር ሆና አትታየንም፤ ኮንቴይነር የሚመጣባት፣ ሙቀቷ የሚያማርር ከተማ ናት። ከከተማዋ በጀልባ ወደ ሙሻና መስካሊ ደሴቶች ቢሻገሩ ግን ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ኮራልና በቀለማት ያሸበረቁ ዓሦች ያያሉ። ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤተሰብ ስኩባ የሚማርበት ቅርቡ ባሕር ይኸው ነው።

ወቅቱን በደንብ ይምረጡ። በክረምቱ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ልጆች ይዞ መሄድ መከራ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ደግሞ ዌል ሻርክ የተባለው ግዙፍ ዓሣ አርታ የባሕር ዳርቻ አጠገብ ይመጣል። ስሙ ቢያስፈራም የሚመገበው ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታትን ነው። እሱን ለማየት መጥለቅ አያስፈልግም፤ መነጽርና የመተንፈሻ ቱቦ አድርጎ ላይ ላዩን መዋኘት ይበቃል። ስለዚህ መጥለቅ የማይፈልጉ እናትና አባትም ከልጆቻቸው ጋር ሊያዩት ይችላሉ። በባብ ኤል መንደብ በኩል ያሉት ሰባቱ ወንድማማቾች የተባሉት ደሴቶች ግን የውኃው ጉልበት ኃይለኛ ስለሆነ ለጀማሪ አይሆኑም፤ «እዚያ እንወስዳችኋለን» የሚል ካጋጠመዎት ይለፉት።

ማዕከል ሲፈልጉ በመጀመሪያ የሚያሠለጥነው በየትኛው ድርጅት ሥርዓት እንደሆነ ይጠይቁ። በዓለም ላይ የታወቁት ፓዲ፣ ኤስኤስአይና በ1959 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ሲማስ ናቸው። ፓዲ ዕውቅና የሰጣቸውን ማዕከላት በየአገሩ ዘርዝሮ በድረ ገጹ ያወጣል፤ አሠልጣኙም የራሱ መለያ ቁጥር ስላለው ለማጣራት አያስቸግርም። ጅቡቲ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ አገር ስለሆነች ትምህርቱ በምን ቋንቋ እንደሚሰጥ አስቀድመው ይጠይቁ። ውኃ ሥር በምልክት ነው የሚነጋገሩት፤ ምልክቱን ግን የሚማሩት ከውኃ ውጭ በንግግር ነው። ልጅዎ ያልገባውን ነገር አንገቱን እየነቀነቀ ካሳለፈ አደጋው የት ላይ እንደሚገለጥ አይታወቅም።

በፓዲ ሥርዓት ልጆች ከ8 ዓመት ጀምሮ ከ2 ሜትር በማያልፍ ውኃ ውስጥ ይሞክራሉ። ከ10 ዓመት ጀምሮ የታዳጊዎች ሰርተፍኬት ማግኘት ይቻላል፤ የ10 እና የ11 ዓመት ልጅ ግን ከ12 ሜትር በላይ አይጠልቅም። የአዋቂ ጀማሪ ወሰኑ 18 ሜትር ነው። ለሰርተፍኬት 200 ሜትር መዋኘትና ለ10 ደቂቃ መንሳፈፍ ስለሚጠየቅ ዋናውን አገር ቤት ሳሉ ይለማመዱ። አስም፣ የልብ ሕመም ወይም የጆሮ ችግር ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር አይገባም፤ እርጉዝ ሴት ጨርሶ አትጠልቅም። የጤና መጠይቅ ሳያስሞላ ሲሊንደር የሚያሸክም ማዕከል ቢያጋጥምዎ ዋጋው ምንም ቢረክስ ይመለሱ።

እኛን ደገኞችን በተለይ የሚመለከተው ነገር ግን ሌላ ነው። የታሸገ የአምቦ ውኃ ጠርሙስ ክዳኑ እስኪከፈት አረፋ አይታይበትም፤ ሲከፈት ግፊቱ ስለሚቀንስ ውስጡ የሟሟው ጋዝ እየተንፈቀፈቀ ይወጣል። ሰውም እንደዚያው ነው። ባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ አንድ የከባቢ አየር ግፊት ይጨመራል፤ ከምንተነፍሰው አየር ውስጥ ናይትሮጂን በደማችንና በጡንቻችን ይሟሟል። ቀስ ብለው ሲወጡ በትንፋሽ ይወገዳል፤ ነገር ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ አይወጣም። ቀሪው ሳያልቅ ወደ ከፍታ ከወጡ በሰውነት ውስጥ አረፋ ሊፈጠር ይችላል። የመገጣጠሚያ ሕመም፣ መደንዘዝና ያልተለመደ ድካም ይመጣል፤ ሲብስ ሽባ ያደርጋል።

ለዚህ ነው ጠላቂዎች ወዲያው አውሮፕላን የማይሳፈሩት። ዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ ለአንድ ጠለቃ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ለጠለቀ ደግሞ ቢያንስ 18 ሰዓት ጠብቆ መብረርን ይመክራል። የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት ቢበዛ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ እንዳለው ግፊት ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እንግዲህ ጠዋት ጠልቆ ማታ በመኪና ባቲን አልፎ ደሴ መግባት ሳይበሩ መብረር ማለት ነው። እኔ ብጠየቅ ለቤተሰብ ሙሉ 24 ሰዓት እላለሁ። ጥሩ አሠልጣኝ ገና ሲመዘገቡ «የት ነው የምትኖሩት? መቼ ነው የምትመለሱት?» ብሎ ይጠይቃል። ካልጠየቀ እርስዎ ይንገሩት፤ መልሱን ሲሰሙ ማን እንደሆነ ያውቁታል። የኦክስጅን መስጫ ጀልባው ላይ መኖሩንም በዓይንዎ ይዩ።

የመጨረሻውን ቀን ለአሳል ሐይቅ ማዋል ያጓጓል፤ ሐይቁ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ያለ ነው። መንገዱ ግን ኮረብታ ወጥቶ ነው የሚወርደው፤ ስለዚህ አሳልን ከጠለቃው በፊት ይዩት። ከጠለቃው በኋላ ያለችዋን ቀን ከተማው ውስጥ ይዋሉ፤ በየመን አሠራር ለሁለት ተሰንጥቆ በምድጃ የተጠበሰውን ዓሣ ከልጆቹ ጋር ይቅመሱ። ወደ ገላፊ የሚያደርስዎትን መኪና ለማግስቱ ይቅጠሩት።