ደጋ የቀረጸው ደም

ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ሽቅብ የሚጓዝ ሰው ብርሃኑ እየጠራ፣ አየሩም እየሳሳ ሲሄድ ይሰማዋል። ከተማዋ ራሷ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናት፤ ተራራው ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ከጅብራው ዝቅ ብሎ፣ ገብስና ድንች በሚበቅልበት ዳገት ላይ፣ አንዲት ወይዘሮ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ፣ እንስራዋን አዝላ፣ ከጎረቤቷ ጋር የጀመረችውን ወግ ሳታቋርጥ ወደ ላይ ትወጣለች። ከቆላ የመጣው እንግዳ ቆሞ ትንፋሹን ይሰበስባል። የዚህ ግርማ ሞገስ ከፊሉ የሚሠራው በአጥንቷ መቅኔ ውስጥ ነው።

በዚያ የሚኖረው ግንደ ሕዋስ ገና ሙያ አልያዘም፤ ማንኛውንም የደም ሕዋስ ለማፍራት ግን የታጨ ነው። ራሱን እየተካ፣ ከወለዳቸው መካከል አንዳንዶቹን ለቀይ የደም ሕዋስነት፣ ሌሎቹን ለነጭ፣ ቀሪዎቹን ደም ለሚያረጋው ፕላትሌት ይሰጣል። ይህንን የቶሮንቶዎቹ ጄምስ ቲል እና ኧርነስት ማኩሎክ ከ1961 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአይጦች ላይ አሳይተዋል። የሚሸከሙት የዘር መልእክት አንድ ሆኖ ሳለ ሙያቸውን የሚለየው፣ ከመልእክቱ የትኛው ክፍል ተገልጦ እንደሚነበብና የትኛው ተከድኖ እንደሚቀር ነው። በዋሸራና በዲማ ጉባኤ ቤቶች አገር ላደገ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንም፤ ፊደልና ዳዊት አብረው የቆጠሩ ተማሪዎች ኋላ አንዱ ለቅኔ፣ አንዱ ለድጓ፣ አንዱ ለአቋቋም ይለያሉ።

ከሁሉም ይበልጥ የሚማርከኝ የቀዩ ሕዋስ መንገድ ነው። ኦክስጅን ሲጎድል ኩላሊት ኤሪትሮፖይቲን የተባለውን ሆርሞን ያመነጫል፤ መቅኔውም ትእዛዙን ይቀበላል። ወጣቱ ሕዋስ ሄሞግሎቢን እየሞላ ይቀላል፤ በመጨረሻም የዘር መልእክቱን የያዘውን አስኳል ከነጭራሹ አውጥቶ ይጥላል። ወደ ሌላ ሙያ መመለሻ የለውም። ሁለት ወገኑ ጎድጎድ ያለ፣ በጠባቡ የደም ሥር ሁሉ ተጣጥፎ የሚያልፍ ስስ ክብ ሆኖ 120 ቀን ገደማ ያገለግላል። የአንድ ጎልማሳ መቅኔ በየሴኮንዱ 2 ሚሊዮን ያህሉን ይሠራል።

አብዛኛው ሰው ከፍታ ላይ ሲኖር መቅኔው ቀይ ሕዋስ ያበዛል፤ የአንዲስ ተራራ ነዋሪዎች ደም በዚህ የተነሳ ወፍራም ነው። የቲቤቶቹ ሄሞግሎቢን እንደዚያ ባይበዛም፣ በደማቸው ያለው ኦክስጅን ዝቅ ያለ ነው። የእኛ ደጋ ግን የራሱ ውበት አለው። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሲንቲያ ቢል፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ሐኪም አምሃ ገብረመድኅንና ባልደረቦቻቸው በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በስሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 አማሮችን መርምረው ነበር። የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በዴሲሊትር በአማካይ 15.9 ግራም፣ የሴቶቹ 15.0፣ የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት 95.3 በመቶ ሆኖ ተገኘ፤ በባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው እምብዛም አይርቅም። እንዲህ ያለ ልከኝነት፣ በዚያ ሁሉ ከፍታ ላይ ያልተጣደፈ መቅኔ፣ ለእኔ የጌጥ ሁሉ ጌጥ ነው።

በ2012 እ.ኤ.አ. የወጡ የዘረመል ጥናቶች፣ በአማሮች ዘንድ ለከፍታ ኑሮ የተመረጡ የሚመስሉትን ጂኖች ከቲቤቶቹ የተለዩ ሆነው አገኟቸው፤ ከፊሎቹ ግን ሰውነት የኦክስጅንን መጉደል ከሚያውቅበት ከዚያው ሥርዓት ጋር የተያያዙ ናቸው። የጮቄ ሰዎች ደምም በዚህ ዓይን ቢጠና፣ ከስሜኖቹም ጋር ቢነጻጸር እጅግ እመኛለሁ። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ አላት፣ የጤና ሳይንስ መምህራንና ተማሪዎችም አሏት፤ ተራራውም ደጃፏ ላይ ነው።