ፍልስፍና ለገበሬ ምን ይጠቅመዋል?

ፍልስፍና የሊቃውንት ብቻ ነገር አይምሰላችሁ። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ነው፤ ትርጉሙም ጥበብን መውደድ ነው። «ነገሩ እውነት ነው ወይ? ለምን ሆነ? ለማንስ ይበጃል?» ብሎ መጠየቅ፣ መልሱንም መርምሮ መቀበል ፍልስፍና ነው።

እንጦጦን እንመልከት። በአፄ ምኒልክ ዘመን የተራራው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ ተቆርጦ አለቀ። በ1880ዎቹ ዓ.ም. አገሩ አውስትራሊያ የሆነው ባሕር ዛፍ መጣ። ቶሎ አደገ፤ አዲስ አበባንም ከማገዶ ችግር አወጣ። ነገር ግን ብዙ ውሃ ይጠጣል፤ ከአጠገቡ ያለውም ሰብል ይቀጭጫል።

ታዲያ እንትከለው ወይስ እንተወው? «ጎረቤቴ ተክሏል» ብሎ መከተል ማሰብ አይደለም። ምንጩንና ማሳውን እዩ፤ ማገዶ ፍለጋ የምትደክመውንም ሴት አስቡ። እንዲህ አመዛዝናችሁ ስትወስኑ ተፈላሰፋችሁ ማለት ነው።