የከተማ ሴሚዮቲክስ

የከተማ ሴሚዮቲክስ መንገዶችን፣ ሕንጻዎችን፣ ሐውልቶችንና የቦታ ስሞችን እንደ ምልክት ወስዶ ለነዋሪው የሚሰጡትን ትርጉም የሚመረምር የጥናት ዘርፍ ነው። ዛሬ የዲጂታል ካርታና የስልክ መተግበሪያዎች የዚህ ጥናት አካል ሆነዋል።

አመጣጥ

የስዊዘርላንዱ የቋንቋ ሊቅ ፈርዲናንድ ደ ሶሱር ምልክት ሁለት ገጽ እንዳለው አስተምሯል፦ ቅርጹና ቅርጹ የሚወክለው ሐሳብ። አሜሪካዊው የከተማ ፕላን ባለሙያ ኬቪን ሊንች እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው መጽሐፍ የቦስተን፣ የጀርሲ ሲቲና የሎስ አንጀለስ ነዋሪዎች ከተማቸውን በአእምሯቸው እንዴት እንደሚስሉ አጥንቶ አምስት ነገሮችን ለየ፤ እነሱም መንገድ፣ ጠርዝ፣ ሰፈር፣ መጋጠሚያና ጉልህ ምልክት ናቸው። ፈረንሳዊው ሮላን ባርት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1967 ኔፕልስ ውስጥ ባቀረበው ንግግር ከተማ ለነዋሪዎቿ የምትናገር ቋንቋ ናት ብሏል።

ምሳሌ፦ አዲስ አበባ

በአዲስ አበባ አቅጣጫ የሚነገረው ባብዛኛው በቤት ቁጥር ሳይሆን በታወቀ ቦታ ነው። የታክሲ ረዳት «ፒያሳ፣ ፒያሳ» ብሎ ሲጣራ ድምፁ ራሱ የከተማው ምልክት ነው። አንድ ቦታ ሁለት ስም ሊኖረውም ይችላል። በ1929 ዓ.ም. ፋሺስት ጣልያን ለጨፈጨፋቸው ሰማዕታት ሐውልት የቆመበት የካቲት 12 አደባባይ በነዋሪው አፍ ስድስት ኪሎ ይባላል። አንዱ ስም ታሪክን ያስታውሳል፤ ሌላው መንገድ ይመራል።

የዲጂታል ቴክኖሎጂ ተጽዕኖ

ጂፒኤስ ቦታን በኬክሮስና በኬንትሮስ ቁጥር ይለያል። ቁጥሩ ለማሽን ይበቃል፤ ለሰው ግን ስም ያስፈልገዋል። ስለዚህ በካርታው ላይ የትኛው ስም ይጻፍ የሚለው ጥያቄ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ2004 በብሪታንያ የተጀመረውና በጎ ፈቃደኞች የሚያዘጋጁት ኦፕንስትሪትማፕ ለአንድ ቦታ መደበኛ ስም፣ የቀድሞ ስምና የአካባቢ ስም ለየብቻ ለመመዝገብ ያስችላል። ይሁን እንጂ በስክሪኑ ላይ ጎልቶ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ብቻ ነው።

የአማርኛ አጻጻፍ ሌላ ችግር ይጨምራል። «ሃያ ሁለት»፣ «ሀያ ሁለት» እና «22» ለአንባቢ አንድ ሰፈር ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን «ሃ» እና «ሀ» የተለያየ የዩኒኮድ ቁጥር አላቸው። ፕሮግራሙ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት አስቀድሞ ካላቀራረበ ፈላጊው ቦታው እያለ የለም ሊባል ይችላል።

አሮጌው ዘዴ ግን አልጠፋም። በመተግበሪያ የተጠራ ታክሲ ሾፌር ነጥቡ በካርታው ላይ እየታየው ደውሎ «ምን አጠገብ ነዎት?» ብሎ ይጠይቃል። በካርታ ያልተመዘገበ የሰፈር ስም የሚቆየው በእንዲህ ያለው ንግግር ነው፤ የሚያውቁት ሰዎች ሲያልፉ ግን አብሮ ሊጠፋ ይችላል።